የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፦ የኮይ ዓሣ ኩሬ ውሃና ማጣሪያው

ኮይ በሚል አጭር ስም በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ባለ ቀለም ዓሣ በጃፓንኛ ሙሉ ስሙ ኒሺኪጎይ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ወርቀ ዘቦ የለበሰ ካርፕ እንደ ማለት ነው። ዝርያው የተገኘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በጃፓን ኒጋታ ክፍለ ሀገር፣ በተለይም ያማኮሺ በተባለው ተራራማ አካባቢ፣ ሩዝ አምራች ገበሬዎች ለምግብ ከሚያረቡት ጥቁር ካርፕ መካከል አልፎ አልፎ የሚወለዱትን ቀይና ነጭ ዓሦች እየለዩ በማዳቀላቸው ነው። እነዚህ ዓሦች እ.ኤ.አ. በ1914 በቶኪዮ በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ከታዩ በኋላ ዝናቸው ከተራራው መንደር ወጥቶ መላውን ጃፓን፣ ቀጥሎም ዓለምን አዳረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በሂሮሺማ አንዲት ኮይ ከ200 ሚሊዮን የን በሚበልጥ ዋጋ እስከ መሸጥ ተደርሷል።

ስለ ኮይ ሲወራ ዘወትር የሚቀድመው የቀለሙና የመልኩ ነገር ነው። ዓሣውን በሕይወትና በጤና ለማቆየት ግን ከመልኩ ይልቅ የሚኖርበትን ውሃ ማወቅ ይበልጣል፤ ኮይ አሳዳጊ የሚባል ሰው በእውነቱ የሚያሳድገው ውሃውን ነውና። ውሃው ከተስተካከለ ዓሣው ብዙም እንክብካቤ ሳይሻ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፤ ውሃው ከተበላሸ ደግሞ ምርጥ መኖም ሆነ ውድ መድኃኒት አያድነውም።

በቅድሚያ መታረም ያለበት አንድ ስሕተት አለ፤ እሱም የጠራ ውሃ ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ዓሣን በብዛት የሚጨርሱት አሞኒያና ናይትራይት የተባሉት ውህዶች ዓሣን በሚገድሉበት መጠን ላይ እንኳ ቀለምም ሆነ ሽታ ስለሌላቸው፣ ከታቹ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ የሚቆጠርበት ኩሬ ለዓሣው መርዝ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው የኒጋታ አርቢዎች የኮይ ጫጩቶቻቸውን በፀደይ ወደ ሸክላ አፈር ኩሬዎች ያወርዷቸዋል። በተራራው ወገብ ላይ በእርከን የተሠሩት እነዚህ ኩሬዎች ውሃቸው ደፍራሽ ነው፤ ማጣሪያም የላቸውም፤ ዓሦቹ ግን በበጋው ወራት በሥጋም በቀለምም የሚዳብሩት እዚያው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ ውሃ ለጥቂት ዓሣ ተሰጥቷል፣ የኩሬው አፈርና በውስጡ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕይወታውያንም ቆሻሻውን ያብላላሉ። መከር ሲገባ ዓሦቹ በመረብ ተሰብስበው በቤት ውስጥ ወደሚገኙ የኮንክሪት ገንዳዎች ይዛወራሉ። እዚህ ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ቢሆንም ብዙ ዓሣ በጥቂት ውሃ ውስጥ ስለሚጨናነቅና አፈሩ ይሠራው የነበረውን የሚሠራ ስለማይኖር ማጣሪያ የግድ ይሆናል። በሰው ግቢ ውስጥ የሚሠራ የኮይ ኩሬ ሁሉ ሁኔታው ከዚህ ከኮንክሪቱ ገንዳ ጋር አንድ ነው።

ዓሣ ውሃውን የሚበክለው በዓይነ ምድሩ ብቻ ይመስላል፤ ይሁንና ዋናው ብክለት የሚወጣው ከዚያ ሳይሆን ከስንጥቡ፣ ማለትም ከሚተነፍስበት አካል ነው። ዓሣው የበላውን ፕሮቲን ሲፈጭ የሚተርፈው ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ በደሙ ውስጥ ተጉዞ በስንጥቡ በኩል በቀጥታ ወደ ውሃው ይፈሳል። ለዓሣ ከሚሰጠው መኖ ከመቶ 3 እጁ ያህሉ በዚህ መንገድ አሞኒያ ሆኖ ይወጣል ተብሎ በጥቅሉ ይሰላል። እንግዲህ 10 ሺህ ሊትር ውሃ በሚይዝ ኩሬ ውስጥ በቀን 100 ግራም መኖ የሚበሉ ዓሦች ቢኖሩ የሚያወጡት አሞኒያ 3 ግራም ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም ለእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 0.3 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ቁጥሩ ለዓይን ትንሽ ነው፤ የሚያስወግደው ነገር ከሌለ ግን በሦስት ቀን 0.9፣ በሳምንት ከ2 ሚሊግራም በላይ ይሆናል።

አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አሞኒየም የተባለው ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለው ዓይነት ሲሆን በአንጻራዊነት ብዙ የማይጎዳ ነው፤ ሁለተኛው ነጻ አሞኒያ ሲሆን የስንጥቡን ስስ ሽፋን አልፎ ወደ ደም የሚገባው መርዝ ይኸኛው ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስኑት የውሃው ሙቀትና ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲዳማነት ወይም አልካሊነት የሚለካበት መስፈርት ናቸው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ከጠቅላላው አሞኒያ ነጻ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ 5 ያህል፣ 9 ሲደርስ ደግሞ ከመቶ 36 ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከላይ በተሰላው ኩሬ ፒኤቹ 8 ቢሆን በሦስተኛው ቀን የሚገኘው ነጻ አሞኒያ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ገደማ ደርሷል፤ ይህም ስንጥቡ መጎዳት የሚጀምርበት መጠን ነው። ዋቅላሚ ወይም አልጌ የበዛበት ኩሬ በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚመጥጥ ፒኤቹ ከቀትር በኋላ ከፍ ይላል፤ በዚህም የተነሳ ጠዋት ሲለካ ችግር ያልታየበት ውሃ በዘጠኝ ሰዓት ላይ አደገኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት በዙሪክ ሲሠራ አሞኒያን ከኦክሲጅን ጋር እያዋሐዱ ከዚያ በሚገኘው ኃይል የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ለይቶ አወጣ፤ ሥራው በሁለት ደረጃ፣ በሁለት የተለያዩ ቡድኖች እንደሚከናወንም አሳየ። የመጀመሪያው ቡድን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኛው ደግሞ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ይህ ሁለት ሠራተኛ ይሻል የተባለ ሥራ በአንድ ባክቴሪያም ሊጠናቀቅ እንደሚችል የታወቀው ብዙ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ያ ባክቴሪያ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱም በኔዘርላንድስ የነበረ የዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነው። የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ ለሳይንስ ይህን ያህል የሰጠ መሆኑ ሊታወስ ይገባዋል።

ናይትራይት መሸጋገሪያ ቢሆንም አደጋው ከአሞኒያ አያንስም። በስንጥቡ በኩል ወደ ደም ሲገባ ኦክሲጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን መሸከም ወደማይችል መልክ ስለሚለውጠው የዓሣው ደም ቡናማ ይሆናል፤ ዓሣውም ኦክሲጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። ለዚህ ፈጣን እርዳታ የሚሆነው ጨው ነው፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በስንጥቡ መግቢያ ላይ ናይትራይትን ስለሚሻማው ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ጨው መጨመር፣ ባክቴሪያዎቹ እስኪበረቱ ድረስ ዓሣውን ለማቆየት ይረዳል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ናይትሬት ግን ብዙም ጉዳት የለውም፤ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ውሃ በመቀየር ይቀነሳል፤ ለአትክልት ማዳበሪያ ስለሆነም ከኩሬው የሚወጣው ውሃ ጨው ካልገባበት ጎመንና ቆስጣ ቢጠጣው ይጠቅማል።

ከዚህ በኋላ ማጣሪያ ምን እንደሆነ ለመረዳት አያስቸግርም። ማጣሪያ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም የያዘ ነው፤ አንደኛው ለዓይን የሚታየውን ደረቅ ቆሻሻ መያዝ፣ ሁለተኛው ለባክቴሪያዎቹ ማደሪያ መሆን ነው። ቅደም ተከተላቸውም ወሳኝ ነው፤ ደረቁ ቆሻሻ ሳይወገድ ወደ ባክቴሪያው ክፍል ከገባ ማደሪያውን ይሸፍነዋል፣ ሲበሰብስም ኦክሲጅኑን ይሻማል፣ ራሱም ተጨማሪ አሞኒያ ይሆናል። በዚህ ረገድ ጥሩ ኩሬ ከቁፋሮው ይጀምራል፤ ታቹ ወደ መሐል ያዘቀዝቃል፣ በመሐሉም ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቧንቧ ተቀብሮ ደለሉን ይዞ በራሱ ፍሰት ወደ ማጥለያ ጉድጓድ ይወስደዋል፤ ፓምፑም የሚቀመጠው ከማጣሪያው በኋላ ነው። ፓምፑ በኩሬው ውስጥ ተጥሎ ውሃውን ወደ ማጣሪያ የሚገፋ ከሆነ ግን ሙሉውን ኩስ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፤ ያልተፈጨው በቀላሉ ይዘቅጥ የነበረ ሲሆን የተፈጨው ግን በውሃው ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። ርካሽ ነው ተብሎ የሚመረጠው ይህ ሁለተኛው አሠራር፣ የኋላ ኋላ በጽዳት ድካም ዋጋውን የሚያስከፍል ነው።

የባክቴሪያው ክፍል ዋና ቁም ነገር የገጽ ስፋት ነው። ባክቴሪያዎቹ በውሃው ውስጥ እየዋኙ አይሠሩም፤ በጠጣር ነገር ላይ እንደ ስስ ቅባት ተለጥፈው ይኖራሉ እንጂ። ስለዚህ ስፖንጅ፣ ብሩሽ፣ ቀዳዳ የበዛበት ሸክላ፣ ወይም በአየር ግፊት ዘወትር የሚንሳፈፉና የሚገላበጡ ትናንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች ጥቅም ላይ ይውላሉ። ማጣሪያው የሚታጠብበት ቀን ሲደርስ ስፖንጁ የሚታለበው ከዚያው ከኩሬው በተቀዳ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነው። ከስፖንጁ የሚወጣው እንደ ጠላ አተላ ወፍራምና ቡናማ ፈሳሽ ዝቃጩ ነው፤ በስፖንጁ ክር ላይ ተለጥፎ የቀረውና ሲዳሰስ የሚያዳልጠው ስስ ሽፋን ግን ባክቴሪያው ነው፤ ይህ መቆየት አለበት። ጽዳት መስሎት በቧንቧ ውሃ ነጭ እስኪሆን ያጠበው ሰው፣ ቧንቧው ክሎሪን ስላለበት፣ የወራት ሥራ በአንድ ሰዓት ደምስሶ ኩሬውን ወደ መጀመሪያው ቀን ይመልሰዋል። የማጣሪያው ክፍሎች በተራ፣ በየተለያየ ሳምንት የሚታጠቡትም ለዚህ ነው። በተጨማሪ የሚገጠመው የአልትራቫዮሌት መብራት በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ዋቅላሚ ገድሎ ውሃውን ያጠራል፤ አሞኒያን ግን አይነካም፤ በዚህም የተነሳ ባለቤቱን ያለ ምክንያት ሊያረጋጋ ይችላል።

ባክቴሪያዎቹ ከአሞኒያው ሌላ ሁለት ነገር ይበላሉ። የመጀመሪያው በውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት ክምችት፣ ማለትም ውሃው አሲድን ተቋቁሞ ፒኤቹን የሚያጸናበት ስንቅ ነው። ለእያንዳንዱ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 7 ግራም ያህል ካርቦኔት ስለሚጠፋ፣ ያ በቀን 3 ግራም አሞኒያ የሚያወጣ ኩሬ በወር ውስጥ 600 ግራም ገደማ ሊጨርስ ይችላል፤ 10 ሺህ ሊትር ውሃ በሊትር 100 ሚሊግራም ካርቦኔት ቢኖረው ደግሞ ጠቅላላ ስንቁ 1 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ውሃ ሳይቀየርለት የቆየ ኩሬ በዚህ ስሌት ስንቁ ተሟጦ ፒኤቹ በድንገት ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎቹም ሥራ ያቆማሉ፤ በወራት ያልታየው ችግር በሁለት ቀን ይገለጣል። የውሃው መቀየር የሚያስፈልገው ናይትሬትን ለማስወጣት ብቻ ሳይሆን ይህን ስንቅ ለመተካትም ጭምር ነው፤ ተፈጥሮው ለስላሳ በሆነ ውሃ ደግሞ ለዳቦ የሚውለውን ሶዲየም ባይካርቦኔት በጥቂት በጥቂቱ እየለኩ መጨመር የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ኦክሲጅን ነው። አንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ ከ4 ሚሊግራም በላይ ኦክሲጅን ይጠይቃል፤ ዓሦቹ የሚተነፍሱት ሲጨመርበት ፍጆታው ከፍተኛ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚሸከመው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ በባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ይይዝ የነበረው በ30 ዲግሪ ከ8 በታች ይሆናል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በ20 ዲግሪ የሚገኝ ውሃም ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን ቢበዛ ወደ 7 ሚሊግራም ነው። ኮይ ደህና እንዲሆን ከ6 ባያንስ ስለሚመከር በደጋ ከተሞች ያለው ትርፍ እጅግ ጠባብ ነው፤ በውጭ አገር መጻሕፍት ለአንድ ኩሬ በቂ ተብሎ የተጻፈው የዓሣ ብዛት እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ፏፏቴ፣ የአየር መንፊያ መሣሪያና ሰፊ የውሃ ገጽ እዚህ ጌጥ አይደሉም። አደጋው የሚበረታውም ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ዋቅላሚው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክሲጅን ሲተነፍስ ስለሚያድር፣ ዓሦች በማለዳ ከውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ሲጎርሱ ከታዩ ርቧቸው ሳይሆን ታፍነው ነው።

ማጣሪያ ሕያው ነገር በመሆኑ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይታመማል። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበት ክፍል ውሃ ካልፈሰሰበት በውስጡ ያለውን ኦክሲጅን በጥቂት ሰዓታት ይጨርሳል፤ ከዚያም የሚሞተው ባክቴሪያ ራሱ ይበሰብሳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2004 በኒጋታ መጠኑ 6.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ የያማኮሺ መንገዶች ተቆርጠው ነዋሪዎቹ በሄሊኮፕተር ሲወሰዱ፣ ኩሬዎች ተሰንጥቀው፣ መብራትም ጠፍቶ፣ በትውልድ የተገኘ የዓሣ ዘር በብዛት አለቀ። መብራት ደጋግሞ በሚቋረጥበት አገር ኩሬ ያለው ሰው ቢያንስ በባትሪ የሚሠራ አንድ የአየር መንፊያ ሊኖረው ይገባል። መብራቱ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ በማጣሪያው ውስጥ ተኝቶ የከረመውን ውሃ ወደ ኩሬው ከመልቀቅ በፊት ወደ ውጭ ማፍሰስ ግድ ነው።

የቧንቧ ውሃ በራሱ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለሰው ጤና የሚጨመርበት ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብና የማጣሪያውን ባክቴሪያ ስለሚያቃጥል፣ አዲስ ውሃ ከመግባቱ በፊት በሶዲየም ታዮሰልፌት ይመከናል፤ ክሎሪን ብቻ ከሆነ ውሃውን ገልጦ አየር እየነፉበት ማሳደርም ይበቃል። በአንዳንድ ከተሞች በክሎሪን ፋንታ የሚገባው ክሎራሚን ግን በማሳደር አይለቅም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ማጣሪያ ሊሸፍነው የማይችል ስሕተት አለ፤ እሱም ከመጠን በላይ ዓሣ ማስገባትና ከመጠን በላይ መመገብ ነው። ሲገዛ የጣት ርዝመት ያለው ኮይ ካደገ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ጨጓራ የሌለው ፍጡር ስለሆነም ብዙ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት መብላት ይስማማዋል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያልተበላ መኖ ለውሃው የተሰጠ መርዝ ነው። የውሃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ዓሣውም ባክቴሪያውም ስለሚቀዘቅዙ መኖው ፈጽሞ ይቆማል። ኩሬው 4 ወይም 5 ሺህ ሊትር የማይሞላ፣ ጥልቀቱም ከአንድ ሜትር ተኩል የሚያንስ ከሆነ ኮይን ትቶ ሌላ ትንሽ ዓሣ ማሳደግ ይሻላል፤ ይህ መባል ያለበት ሐቅ ነው።

ኩሬ የሚጀምር ሰው ከዓሣው አስቀድሞ የውሃ መመርመሪያ ኪት ይግዛ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በትንሽዋ የመስታወት ቱቦ 5 ሚሊሊትር ውሃ ይቀዳል፣ በመመሪያው የታዘዘው ያህል ጠብታ ይጨመራል፣ ተንቀጥቅጦ ለደቂቃዎች ይቀመጥና ቀለሙ ከካርዱ ጋር ይነጻጸራል፤ በብዙዎቹ ኪቶች ቢጫው አሞኒያ የለም ማለት ሲሆን አረንጓዴነቱ በጨመረ ቁጥር መርዙም ጨምሯል። አዲስ ማጣሪያ ለመብሰል ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ዓሦች ብቻ ይግቡ፣ በየሁለት ቀኑም ይለካ። አሞኒያው ወጥቶ ሲወርድ ይታያል፤ ቀጥሎ ናይትራይቱ ይወጣና እሱም ይወርዳል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ለሁለት ሳምንት ከጸኑ ኩሬው የቀሩትን ዓሦች ለመቀበል ዝግጁ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አይግቡ።